ቁልቁለት ለሚወርድ ስኬትቦርድ ድሬዳዋ ላይ ምን ይገዛል፣ ምንስ አይገዛም?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቶ «ሎንግቦርድ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልፎ አልፎ አንድ ዕቃ ይወጣለታል፦ ሜትር የሚሞላ፣ ሆዱ ላይ ደማቅ ሥዕል ያለበት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ቦርድ። «ኦርጅናል ነው አቦ!» ይባልለታል። ጎማውን በጣት ሲመቱት ዙሩ አያልቅም። ከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ሜዳ ላይ ቀስ እያሉ ለመንሸራሸር ዕቃው ክፉ አይደለም። ወደ ቁልቁለት ሊወስደው ያሰበ ሰው ግን ጎማው ስንት ደቂቃ እንደሚዞር መጠየቁን ትቶ እንዴት እንደሚቆም ይጠይቅ። ስኬትቦርድ ፍሬን የለውም። ፍሬኑ የጫማ ሶል፣ የእጅ ጓንትና የጎማው ጠርዝ ነው፤ እኛም እዚህ ዕቃውን ሁሉ የመዘንነው በዚሁ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቦታው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፣ መሃል ላይ ያለችው ሐረማያ ደግሞ 2,000 ሜትርን ታልፋለች። ከዚያ ሁሉ ከፍታ አብዛኛው የሚራገፈው ከደንገጎ ወደ ድሬ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ነው። ያንን አስፋልት አይቶ ምራቁን የማይውጥ ስኬተር የለም። መንገዱ ግን የአይሱዙ፣ የጫት መኪናና የተሳቢ ነው፤ ኩርባው ላይ ናፍጣ ይንጠባጠባል፣ ዝናብ ሲያባራ አሸዋ ይቀራል፣ ከጠርዙ ወዲያ ማምለጫ የለም። በፈቃድ ካልተዘጋ በቀር ለቦርድ አይሆንም፤ የትኛውም ሄልሜት ይህን አይለውጠውም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ መኪና ለማያልፍበት፣ መጨረሻው ሜዳ ወይም መልሶ ዳገት ለሆነ አጭር ቁልቁለት የተባለ ነው። ኮብልስቶን ጨርሶ አይታሰብም።

ሌላው ሙቀቱ ነው። ሰኔ ላይ የድሬ አየር ከሰዓት 35 ዲግሪ ሲነካ ፀሐይ የዋለበት አስፋልት ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ዩረቴን፣ ጎማው የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ይለሰልሳል፣ ማስቲሽ ይለቃል፣ ሰውም ሙቀቱን ፈርቶ የጉልበትና የክርን መከላከያውን፣ ፓዱን፣ አውልቆ ይወርዳል። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መጨረስ ከማንኛውም ዕቃ በላይ ይረዳል።

ከሄልሜት እንጀምር። ገበያው ላይ ያለው የሞተር ሳይክል ሄልሜት ነው። የመጀመሪያ ምርጫ ባይሆንም አገጭ የሚሸፍነው ዓይነት ከብስክሌት ግማሽ ሄልሜት በብዙ ይሻላል፤ በፊት መውደቅ እዚህ ስፖርት ውስጥ የተለመደ ስለሆነ ግማሹ ሄልሜት ጥርስ አያተርፍም። የሞተሩ ሄልሜት ጉድለት ክብደቱ ነው፦ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል። እንደ ቲኤስጂ ፓስ ያለው ለዚሁ ስፖርት የተሠራ ባለ አገጭ ሄልሜት አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ነጂው ወገቡን አጥፎ አንገቱን ቀና አድርጎ ስለሚወርድ ያ ግማሽ ኪሎ ሁለተኛው ዙር ላይ አንገት ላይ ይታወቃል።

ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የውስጡን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። ከስፖንጁ ኋላ የቴሌቪዥን ማሸጊያ የሚመስል ጠንካራ ፎም መኖር አለበት፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት እሺ አይልም። ጣት ከሰመጠ፣ ወይም ከስፖንጁ ቀጥሎ ባዶ ፕላስቲክ ከመጣ፣ ያ ሄልሜት ለትራፊክ ፖሊስ መታያ ነው እንጂ ለራስ አይደለም። ቀጥሎ የአገጭ ማሰሪያው ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ መፈለግ ነው። የአውሮፓ ደረጃ ያለፈ የሞተር ሄልሜት እዚያ ላይ በክብ ውስጥ «ኢ» የሚል የላቲን ፊደልና የአገር ቁጥር አለው፤ 1 ጀርመን ነው፣ 3 ጣሊያን፣ 4 ሆላንድ። ከሥሩ ያለው የምስክር ቁጥር በ05 ወይም በ06 ይጀምራል። «ዲኦቲ» የሚል የአሜሪካ ደረጃ ስቲከር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ አሜሪካ ውስጥም ቢሆን አምራቹ ራሱ መስክሮ የሚለጥፈው ነው፣ ስቲከሩን ደግሞ ማንም ያትመዋል። ለስኬትቦርድና ለብስክሌት የሚሠራው የአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 1078 ይባላል።

ልኩን ለማወቅ ማሰሪያው ታስሮ ሄልሜቱን ከኋላ ሥሩ ይዞ ወደ ፊት መገልበጥ ነው፤ ከወለቀ ትልቅ ነው። ጭንቅላት ሲወዛወዝ ጉንጭ አብሮ መሄድ አለበት። ሄልሜት ከሰልባጅ አይገዛም። አንድ ጊዜ ከባድ ምት የቀመሰው ፎም ታምቆ ይቀራል፣ ከውጭ ግን ጭረት እንኳ ላይታይበት ይችላል።

ጓንት ላይ ድሬ ራሷን ችላለች፤ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆያለን። የስላይድ ጓንት ማለት መዳፉ ላይ በቬልክሮ የሚለጠፍ ክብ ፕላስቲክ ያለው የቆዳ ጓንት ነው። ክቧን ስኬተሮች «ፓክ» ይሏታል። ነጂው ቦርዱን በአግድም አዙሮ ሲንሸራተት በዚያች ፓክ አስፋልቱን ይደገፋል። ከውጭ የሚመጣው ጥሩ ነው፣ ግን ፓኩ ያልቃል፤ ቁልቁለት ላይ የሚቆጠበው ደግሞ ፓክ መሆን የለበትም።

እዚሁ ለመሥራት ጓንቱ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው የብየዳ ጓንት ነው። አጭሩን፣ አንጓ ላይ የሚያልቀውን ይምረጡ፤ ረጅሙ ከክርን ፓድ ጋር ይጋፋል። መዳፉ አንድ ወጥ ቆዳ ይሁን። ፓኩ በሚያርፍበት ቦታ ስፌት ካለ ክሩ በመጀመሪያው ሳምንት ይበጠሳል። የብየዳ ጓንት ደግሞ ሰፊ ነው፤ ጣት ጫፍ ላይ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ከተረፈ ፓኩ ከእጅ ሥር ይዞራል፣ ያኔ አስፋልቱን የሚነካው ትንሿ ጣት ናት። አንጓው ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ማጥበቂያ ማሰፋት ይህን በግማሽ ይፈታዋል።

ለፓኩ ነጩ የፕላስቲክ ሥጋ መክተፊያ ይበቃል፣ ውፍረቱ ከ12 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ። 9 ሳንቲ ሜትር ክብ በሴጌቶ ተቆርጦ ጠርዙ ዙሪያውን በሞረድ ይሰለካል። ቀጥ ያለ ጠርዝ የአስፋልት ስንጥቅ ሲያገኝ ይነክሳል፣ እጅንም ከሰውነት ሥር ይከተዋል። ቶርኖ ቤት ዴልሪን የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ከተገኘ ከመክተፊያው ረዘም ያለ ዕድሜ አለው፤ ካልተገኘ አንድ መክተፊያ አራት አምስት ፓክ ስለሚወጣው ኪሳራ የለም።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ማጣበቁ ላይ ነው። የመክተፊያ ፕላስቲክ ፖሊኢትሊን ነው፣ ማስቲሽ አይይዘውም። ሌሊቱን ደርቆ ጠዋት በእጅ ሲስቡት ጥብቅ ይላል፤ የመጀመሪያው ስላይድ ላይ ሲሞቅ ግን እንዳለ ተገሽልጦ ቬልክሮውን ጓንቱ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከማስቲሹ በተጨማሪ ቪቴ ያስፈልገዋል። 8 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ አናታቸው ጠፍጣፋ የሆነ ስድስት ቪቴዎች ከቬልክሮው በኩል፣ ከጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው ይታሠራሉ። ሁለት ሚሊ ሜትሩን ቬልክሮው ይበላዋል፤ ስድስቱ ፓኩ ውስጥ ይገባል፤ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለአስፋልቱ የሚተርፈው ስድስት ነው። ፓኩ ተፍቆ 8 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይጣል። ከዚያ ካለፈ የቪቴው ጫፍ ይወጣና ብረት አስፋልት ይነካል፤ ብልጭታው ያምራል፣ እጁ ግን አይንሸራተትም።

ሸካራው ቬልክሮ ፓኩ ላይ፣ ለስላሳው ጓንቱ ላይ ነው የሚሆነው፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ ጓንቱ ልብስ ሁሉ እየያዘ ያስቸግራል። ለስላሳው ዙሪያውን ተሰፍቶ መሃሉ ላይ በመስቀልያ ይደገማል። ይህን ሥራ ቦርሳ ወይም ጫማ የሚሰፋ ማሽን ያለው ባለሙያ ጋ መውሰድ ነው። ሐረር መኪና ግርግር፣ በስፌት መኪኖቹ ድምፅ ስሙን ያገኘው ጎዳና፣ ፈጥኖ የሚሰፋ ሞልቷል፤ ነገር ግን የቀሚስ መኪና የብየዳ ቆዳ ላይ መርፌ ይሰብራል፣ ባለቤቱም ደስ አይለውም። አስቀድሞ ቆዳውን አሳይቶ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ጫማ ላይ ደግሞ በረባሶ የለመደ አገር ምን ይቸግረዋል? በእግር ፍሬን መያዝ ማለት አንዱን ጉልበት አጥፎ ሌላውን እግር አስፋልት ላይ ማሸት ነው፤ የተራ ስኒከር ሶል በጥቂት ቁልቁለት ይበሳል። ጫማ ሰፊ ጋ ሄዶ ፍሬን በሚይዘው እግር ሶል ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር የመኪና ጎማ ማስለጠፍና ዳሩን ማሰፋት ነው። ሌላኛው እግር ሳይነካ ይቅር፤ ቦርዱ ላይ የሚቀረው እግር ቀጭን ሶል ሲኖረው ጣውላውን ይሰማዋል። የተለጠፈው ጎማ ጥልቅ ጥርስ ካለው ይነክሳል፣ ለስላሳው ያለቀ ጎማ ይሻላል።

የጉልበትና የክርን ፓድ ገበያው ላይ በሦስት መልክ ይገኛል። ሴራሚክ ንጣፍ ሠራተኛ የሚያስረው ለመንበርከክ የተሠራ ነው፤ ተንሸራትቶ ሲመጣ ወደ ባት ይወርዳል። የሕፃናት ሮለር ስኬት ስብስብ ላስቲኩ በአንድ ክረምት ይላላል፣ የፊቱ ፕላስቲክ በሪቬት ብቻ ስለተያዘ ይፈናጠራል። የሞተር ክሮስ ጉልበት መከላከያ ከሦስቱ የሚታመነው ነው፤ ከጉልበት በላይም በታችም ማሰሪያ አለው፣ ቅሉ ጠንካራ ነው፣ ቅልጥምንም ይሸፍናል። ለሮለርና ለስኬት ፓድ ኢኤን 14120፣ ለሞተር ጉልበትና ክርን ኢኤን 1621-1 የሚለው ጽሑፍ ተሰፍቶበት ይፈለግ። ከላዩ ሱሪ እንዳይደረብ፤ ጨርቁ ሲያዝ ፓዱን ይዞት ይዞራል።

ልብስ ላይ ብዙ አንልም። ጂንስ ለአስፋልት ወረቀት ነው። ሰልባጅ ተራ የሚገኝ የቆዳ ጃኬት ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነና ክርኑ ላይ ስፌት ከሌለው ይሠራል፤ እንደ ጨርቅ የሚታጠፈው ለሠርግ ይሁን። ከሥሩ ኢኤን 1621-2 የሚል የጀርባ መከላከያ ከተገኘ ተጨማሪ ነው።

አሁን ወደ ቦርዱ። የገበያው ቦርድ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ጎማው ላይ ነው። ለቁልቁለት ከ70 እስከ 76 ሚሊ ሜትር፣ ድርቀቱ ከ78ኤ እስከ 83ኤ የሆነ (ቁጥሩ ሲጨምር ጎማው ይደርቃል) ከዩረቴን የፈሰሰ ጎማ ያስፈልጋል። ርካሹ ጎማ መሃሉን ዙሪያውን የሚዞር የመቅረጫ መስመር አለው፤ ከወገብ ከፍታ ሴራሚክ ላይ ሲለቁት «ቷ» ብሎ ተኝቶ ይቀራል። ጥሩ ዩረቴን ነጥሮ ጉልበት ድረስ ይመለሳል። የርካሹ ችግር ፍጥነት ማጣቱ ብቻ አይደለም፦ ስላይድ ላይ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል፣ ስለዚህ እጅና እግር የሚለምዱት ነገር አያገኙም። ስላይድ ለሚማር ሰው ጠርዙ ክብ የሆነ፣ ፊቱ አስቀድሞ የተፋቀ ጎማ ነው የሚመከረው። ኦራንጋታንግ ፎር ፕሬዚደንት 70 ሚሊ ሜትር ለዚህ ይመቻል፤ ብርቱካናማው 80ኤ፣ ሐምራዊው 83ኤ ነው። ለድሬ ሙቀት ሐምራዊውን እንመርጣለን፤ ሐረር ላይ፣ ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል፣ ብርቱካናማው ይበቃል። ሹል ጠርዝ ያለው የውድድር ጎማ ጀማሪን ኩርባ ላይ ይይዝለታል፣ ማቆም ሲፈልግ ግን አይለቅለትም።

ጎማ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ከወጣ «ታክ ታክ ታክ» ማለት ይጀምራል። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ቦርዱን ልክ 90 ዲግሪ ላይ አድርሶ እዚያው ማቆየት፣ ወይም ዳዶው ከመጠን በላይ ጠብቆ ጎማው ስላይድ ላይ መሽከርከሩን ማቆሙ። ጎማዎቹን ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላ የፊቱን ቀኝ ከኋላው ግራ ጋር እያለዋወጡ ማሰር ዕድሜ ያራዝማል፤ የኋላ እግር ጎማዎች ቀድመው ነው ሾጠጥ የሚሉት።

ኩሽኔታው ቁጥር 608 ነው፦ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር፤ በአንድ ቦርድ ስምንት። ይሄ ድሬ ላይ በማንኛውም የኩሽኔታ ሱቅ ሊጠየቅ የሚችል ቁጥር ስለሆነ ከውጭ ማስመጣት ብር መጣል ነው። ሳጥኑ ላይ «አቤክ 7»፣ «አቤክ 9» የሚለው የልክ ጥራት እንጂ የፍጥነት መለኪያ አይደለም። ባለ 70 ሚሊ ሜትር ጎማ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በደቂቃ 3,800 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ተራ 608 የዚያን ብዙ እጥፍ ይችላል። ኩሽኔታን እዚህ የሚገድለው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው፣ ስለዚህ በሁለቱም በኩል ጎማ ሽፋን ያለውን፣ 2አርኤስ የሚባለውን ይምረጡ፤ ዜድዜድ የሚለው ብረት ሽፋን አቧራ ያስገባል። ሲቆሽሽ ሽፋኑን በመርፌ ጫፍ አንስቶ በቤንዚን ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት።

በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሃል የምትገባው 10 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ስፔሰር፣ ከርካሽ ቦርድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትቀራለች። እሷ ከሌለች ዳዶው ሲጠብቅ የኩሽኔታው ውስጠኛ ቀለበት ወደ ጎን ይታመቃል፣ ጎማው ይይዛል፣ ስላይድ ላይ ጠፍጣፋ ይወጣል። ቶርኖ ቤት ውስጡ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ የብረት ቱቦ አራት ማስቆረጥ ይቻላል፤ ርዝመቱ ልክ 10 ይሁን፣ 9 ተኩል ካለች የለችም ማለት ነው።

ትራክ፣ ጎማዎቹን የሚሸከመው ብረት፣ ከገበያው መግዛት የማንመክረው ነው። ርካሹ ብረት ሲወድቅ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ፓሪስ 180 ሚሊ ሜትር ወይም ካሊበር ለጀማሪ ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ከፊት 50፣ ከኋላ ዝቅ ያለ ዲግሪ ያለው ትራክ ሲሆን ቦርዱ ከፊት ይመራል፣ ከኋላ ይከተላል። ፍጥነት ላይ ቦርዱ እንደ ባጃጅ የፊት ጎማ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ብዙዎች ኪንግፒኑን፣ የትራኩን መሃል ቡሎን፣ እስኪያቅታቸው ያጠብቃሉ፤ መድኃኒቱ ያ አይደለም። መጀመሪያ ክብደት ወደ ፊት እግር ይሂድ፣ ከመቶ ስድሳ በላይ። ቀጥሎ ጎሚኒው፣ ኪንግፒኑ ላይ የተሰካው ለስላሳ ቀለበት፣ ይታይ፦ ሲሰነጠቅ ወይም ዳሩ ሲያብጥ አልቋል። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከፊት 87ኤ፣ ከኋላ 90ኤ፣ ሁለቱም ቀጥ ያለ በርሜል ቅርጽ ያላቸው ጥሩ መነሻ ናቸው። የፋብሪካው ሾጣጣ ጎሚኒ ለመንሸራሸር ነው።

ጣውላው ርዝመቱ ከ86 እስከ 97 ሳንቲ ሜትር፣ ሲቆሙበት የማይሰግድ፣ ዳርና ዳሩ ወደ ላይ ብሎ እግር የሚያቅፍ ይሁን። አናጢ ጋ ከኮምፔንሳቶ የተቆረጠ ሜዳ ላይ ይሠራል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ ስላይድ ውስጥ እግር ይወጣል። ገጣጥመው ሲጨርሱ በቦርዱ ዳር ላይ ሙሉ ክብደት ጥለው ያጋድሉት፤ ጎማው ጣውላውን ከነካ በትራኩና በጣውላው መሃል 6 ሚሊ ሜትር ራይዘር፣ ማለትም ማንሻ፣ ይገባል፣ አለዚያ ኩርባ ላይ ጎማው ቆሞ ሰው ይቀጥላል።

ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ እንግዲህ የሚታዘዘው ትራክ፣ አራት ጎማና ጎሚኒ ነው፤ ሁሉም ተደምሮ ከሁለት ኪሎ ብዙ አይርቅም። ብር ካነሰ ጣውላውና ኩሽኔታው ይቆዩ፣ ሄልሜቱ አይቆይ። ሲታዘዝ ስድስት ትርፍ የፔርኖ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ዳዶ አብሮ ይጨመር። የአብዛኛው ትራክ ፔርኖ ጥርስ 5/16 ኢንች ነው፤ ጋራዥ ያለው ኤም 8 ዳዶ በዓይን አንድ ይመስላል፣ ሁለት ዙር ይገባልም፣ ከዚያ በግድ ሲገፋ የፔርኖውን ጥርስ ይላጨዋል። ለዳዶው 13 ቁልፍ ይሆናል፣ የኪንግፒኑ ግን 9/16 ኢንች ስለሆነ 14 ቁልፍ ወይ እንቢ ይላል ወይ ይፈጫል። ውስጡ ናይለን ያለው ዳዶ በጣት መዞር ከጀመረ አይታሰርም። ሮንዴላውም አይረሳ፦ ለእያንዳንዱ ጎማ ሁለት፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ።